ያስቀረሁት የምርመራ ዓምድ

በጡረታ በተሸኘሁበት ቀን ኃላፊያችን ባደረገው ንግግር «ጋሽ ጌታቸው ይህን ሁሉ ዘመን አንድም ሰው ሳያጉላላ አገልግሎ የሚሰናበት ሰው ነው» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። የሚያሳፍረው፣ እኔም አብሬ አጨበጨብሁ። ጋቢ አለበሱኝ፤ ፎቶ ተነሣን። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ጋቢውን እየዳሰሰች «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ። «ደክሞኝ ነው» አልኋት። ደክሞኝ አልነበረም። እንድሪስ የሚባል ሰው ትዝ ብሎኝ ነው።

የሥራ ዘመኔን ልጽፍ የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለ ሹመትና ስለ ደመወዝ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ። ሹመት አላገኘሁም፤ ደመወዜም ከወር ወር ደርሶልኝ አያውቅም። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሥራ የጀመርሁት እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው። አሠሪዬ ጋሽ ሰይድ ይባሉ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው። ካርድ ክፍል ማለት ያኔ ከወለል እስከ ጣራ መደርደሪያ ነው። በሽተኛ ሲመጣ ካርዱን ፈልገህ ታወጣለህ፤ ካርዱ ወደ ምርመራ ክፍል ይሄዳል። ደም ወይም ሰገራ የሚታይ ከሆነ ግን ላቦራቶሪ የሚሄደው ካርዱ ሳይሆን ትንሽ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ የሚታየው ነገርና የካርድ ቁጥር ይጻፋል። ላቦራቶሪው ውጤቱን ጽፎ ወረቀቷን ይመልሳታል።

ጋሽ ሰይድ ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩኝ ይህችን የወረቀት ጉዞ ነው። «ስማ ጌቾ፣ ላቦራቶሪ የሚመልስልህ የጠየቅኸውን ብቻ ነው። ሰውየው ልቡን ይታመም፣ ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር ትሁን፣ ወረቀቷ አታውቅም። እሱን የያዘው ካርዱ ነው። ወረቀቷ ስትመለስ ከካርዱ ጋር ካላገናኘሃት ሰው ገደልህ ማለት ነው።»

የተናገሩትን በዓይኔ ያየሁት ብዙም ሳልቆይ ነው። ከግሸን ስትመለስ የታመመች አንዲት ተሳላሚ መጣች። ውጤቷ ወባ ነው አለ። ነርሱ ተጨናንቆ ስለነበር ወረቀቷን ብቻ አይቶ መድኃኒት አዘዘላት። ጋሽ ሰይድ ካርዱ አሁንም መደርደሪያ ላይ መሆኑን ሲያዩ ብድግ አሉና በግቢው ውስጥ ሮጡ። ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው። ካርዱ ላይ የአራት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗ ተጽፏል፤ የታዘዘላት መድኃኒት ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ክኒኑን ከእጇ ላይ አንሥተው ይዘውት መጡ። ነርሱን አልተቆጡትም። እኔን ግን ካርዱን ስላላወጣሁ ድምፃቸውን ቀንሰው ተቆጡኝ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ዓይናቸውን ጨፍነው ከመደርደሪያው አንድ ካርድ ይስባሉ። ከዚያ ያን ሰው ይከተሉታል። መቼ መጣ፣ ማን አየው፣ ወደ ላቦራቶሪ ምን ተላከ፣ ምን ተመለሰ፣ ከመድኃኒት ክፍል ምን ወሰደ እያሉ ከክፍል ክፍል በእግራቸው ይሄዳሉ። ሠራተኛው «ጋሽ ሰይድ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊሸኙ ነው?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። እሳቸውም «ወላሂ፣ መቶ ካርድ ከመቁጠር አንድ ሰው ቤቱ ድረስ መሸኘት ይበልጣል» ይላሉ። ወጣት ስለነበርሁ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ውጫሌ ተዛወርሁ። በአንድ ጽሕፈት ቤት ከየቀበሌው የሚመጣውን ቅጽ መሰብሰብና ማጠቃለል ነበር ሥራዬ። የአምባሰልን ቀበሌዎች በእግሬ ያወቅኋቸው ያኔ ነው። የቅጽ ነገር ለማያውቅ አንባቢ፣ አገራችን ውስጥ የማንኛውም ቅጽ የመጨረሻ ዓምድ «ምርመራ» ይባላል። ጠባብ ናት። ቅጹን ያዘዘው ሰው ካስፈለገ ይጻፍባት ብሎ የተዋት ናት። የቀበሌ ጸሐፊዎች ግን ዋናውን ነገር የሚጽፉት እሷ ላይ ነበር። በስም ዓምድ ስሙን፣ በዕድሜ ዓምድ ከአፉ የወጣለትን ቁጥር ይሞላሉ። ወደ ምርመራ ሲደርሱ ብዕራቸው ይፈታል። «ዓረብ አገር ሄዳለች፤ ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ናቸው።» «ስሙ ይህ ቢሆንም በሰፈሩ በዚህ ስም ቢጠሩት አይሰማም።» «ሞቷል፤ ግን ሚስቱ አልተረዳችምና ቤቷ ስትሄዱ እንዳትናገሩ።» ጽሑፉ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ኅዳጉ፣ ከኅዳጉ ወደ ጀርባው ይዞር ነበር።

አንዱን ሸምገል ያለ ጸሐፊ «ምነው ይህን ሁሉ እዚች ጠባብ ቦታ ላይ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሌላው ዓምድ የናንተ ነው። ምርመራ ግን የኛ ናት» አለኝ። ሳቅሁ። በኋላ ግን የሐዘን ቤት የደስታ ቤት መስሎኝ ዘው ብዬ እንዳልገባ ስንት ጊዜ ያዳነችኝ ይህችው ዓምድ ናት። እንግዲህ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። የማላውቀው ነገር ቢሆን ኖሮ ጥፋቴ ይቀልልኝ ነበር።

ለውጡ ሲመጣ እኔ ሐይቅ ተመልሼ በመረጃ ክፍል እሠራ ነበር። አዲስ ኃላፊ፣ አዲስ ኮምፒውተር፣ ግድግዳው ላይ አዲስ መፈክር መጣ። ወረቀት ይቀራል ተባለ። ብዙ እኩዮቼ ኮምፒውተሩን እንደ ባለዛር ሲሸሹት እኔ ወደድሁት። ለሥልጠና ልከውኝ በስተርጅና ከልጆቼ እኩዮች ጋር ተቀምጬ ተማርሁ። የተማርሁት ሥራ «ማፒንግ» ይባላል። በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ በግራ መረጃው የሚነሣበት ሰንጠረዥ፣ በቀኝ የሚደርስበት ሰንጠረዥ ይቀመጣል፤ መሐል ላይ መረጃው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች አሉ። እያንዳንዱን ዓምድ ከግራ ወደ ቀኝ በመስመር ታገናኘዋለህ። መስመር ያልተሳበለት ዓምድ አይሄድም።

ከደረጃዎቹ አንዱ «ዌብ ሰርቪስ» ነው። በሌላ መሥሪያ ቤት ያለ ኮምፒውተር በኢንተርኔት ጥያቄ ተቀብሎ መልስ ይሰጥሃል። የኛው፣ የሰውን ስም እስከ አያት፣ ጾታውንና የትውልድ ዓመቱን ስትልክለት የመለያ ቁጥር ይመልሳል። የሚመልሰው ያንን ብቻ ነው። ስልክ ቁጥሩ፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ የሚኖርበት ቦታ፣ ምርመራው ለአገልግሎቱ አይላኩም፤ እሱም አያውቃቸውም። ስለዚህ ደረጃዋን በጎን አልፈው ከመልሱ ጋር ወዲያ ማዶ እንዲገናኙ አንተው ምልክት ታደርግባቸዋለህ። ካላደረግህ ከዚያች ደረጃ ወዲያ የሉም። ማሽኑም «ስሕተት» አይልህም፤ የማትፈልጋቸው ይመስለዋል። አሠልጣኙ ይህን ሲያስረዳ ሌሎቹ ግራ ተጋቡ። እኔ ግን የላቦራቶሪ ወረቀቷና ካርዱ መሆናቸው ወዲያው ገባኝና እጄን አውጥቼ አብራራሁላቸው። ኮራሁም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከሰሜን፣ ከቆቦና ከወልድያ፣ ኋላም ከመርሳ፣ ሰው በመኪናና በእግር በውጫሌ አድርጎ ወደ ሐይቅ ጎረፈ። ትምህርት ቤቶቹ ሞሉ። መዝጋቢዎች ከክፍል ክፍል እየዞሩ በወረቀት መዘገቡ፤ ሌሎች ወደ ኮምፒውተር ገለበጡ፤ የኔ ድርሻ ዝርዝሩን በማፒንጉ አሳልፎ፣ መለያ ቁጥር አሰጥቶ፣ እህልና መድኃኒት ወደሚመድበው የበላይ መሥሪያ ቤት መላክ ነበር። መድኃኒቱ የሚመደበው በኛ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሕመም መድኃኒት አይመጣለትም።

መጀመሪያ ስሞክረው የብዙ ሰው መስመር ሳያልፍ ወደቀ። ምክንያቱን ፈልጌ አገኘሁት፤ ምርመራ ናት። መዝጋቢዎቹ እንደ ለመዱት ረጅም ረጅም ጽፈውባት፣ በመድረሻው ሰንጠረዥ ለእሷ ከተተወው ቦታ በለጠ። ቦታውን ማስፋት ይቻላል፤ ግን ሰንጠረዡ የኛ ስላልሆነ ለባለቤቶቹ ደውሎ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ስልክ ደግሞ አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም። ኃላፊያችን ከበላዬ ቆሟል። «ጋሽ ጌታቸው፣ እስከ ምሳ ሰዓት ካልደረሰ ተራችን ያልፋል፤ ሕዝቡ ጦሙን ያድራል» ይለኛል። እውነቱን ነበር። ምርመራን በጎን የሚያሳልፈውን ምልክት አነሣሁት። ለዛሬ ብቻ ነው፤ ነገ አስፈቅጄ እመልሰዋለሁ አልሁ። አንድም መስመር ሳይወድቅ ዝርዝሩ በሙሉ አለፈ። የገባውንና የወጣውን ቆጠርሁ፤ ልክ ነው። ኃላፊዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በማግስቱ ሌላ ሰው ጎረፈ፣ ሌላ ዝርዝር መጣ። ያ «ነገ» ሳይመጣ ቀረ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ የመድኃኒት መኪና መጣ። በዚያው ዕለት ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ቢሮዬ ገባች። ዕድሜዋ ሠላሳ ቢሆን ነው። ጫማዋ በሽቦ ታስሯል፤ በእጇ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ዘሐራ እባላለሁ። ከመርሳ በላይ ነው አገራችን» አለች። «ወንድሜ እንድሪስ የስኳር በሽተኛ ነው። ያለ መርፌ ውሎ አያድርም። መድኃኒት መጣ ብለው ስሄድ፣ ለስኳር የሚሆን አልታዘዘም አሉኝ። ያለን ይቺው ናት።» ማሰሮዋን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ብልቃጥ አለ፤ ከግማሽ በታች ነው። ሙቀት እንዳያበላሸው እንደዚያ ይዛው ተራራ ወርዳለች።

የላክነውን ዝርዝር ከፍቼ ፈለግሁ። «እንድሪስ አለ» አልኋት። «ልብስ ሰፊ፣ ካንቺና ከእናታችሁ ጋር። መታመሙ ግን የለም። አልተናገራችሁም።»

«ኧረ ተናግሬያለሁ!» አለች። «ወላሂ ተናግሬያለሁ ጋሼ! ፊደል አልቆጠርሁም እንጂ መዝጋቢው ሲጽፍ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ብትናገሪ ኖሮ እዚህ ይኖር ነበር። ግርግር ነው፤ ረስተሽው ይሆናል።»

እንደዚያ አልኋት። በትሕትና ነው ያልሁት፤ ቁጣም አልነበረበትም፤ ለዚህም ነው የባሰ የሚከብደኝ። የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ኮምፒውተሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «አሁን እጽፍልሻለሁ፤ በሚቀጥለው ዙር ይመጣል» አልኋት። «አላህ ይስጥልኝ» ብላኝ ወጣች።

በማግስቱ ጧት ቢሮ ገብቼ ሥራ ሊጨበጥልኝ አልቻለም። ያቺ ማሰሮ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ከብዙ ዓመት በኋላ የጋሽ ሰይድን ልማድ አደረግሁ፤ አንድ ሰው ልከተል አልሁ። የምከተለውን ሰው ግን ዓይኔን ጨፍኜ አልመረጥሁትም። የእንድሪስን የምዝገባ ወረቀት ከክምሩ ውስጥ አወጣሁ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ በጥቃቅን ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ስኳር አለበት፤ መርፌ በቀን ሁለት ጊዜ፤ የያዙት ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ እኅቱ አጥብቃ ተናግራለች።»

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የሌሎቹንም ወረቀት ማገላበጥ ጀመርሁ። «የሚጥል በሽታ።» «ድርስ ነፍሰ ጡር፤ ሕመም ጀምሯታል።» «ጆሮው አይሰማም፤ ሲጠሩት ይነካ።» ሁሉንም እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው። መረጃው ከኮምፒውተሩ አልጠፋም፤ በግራ በኩል እንዳለ ነበር። በቀኝ በኩል ግን እነዚህ ሰዎች ጤነኞች ነበሩ።

ስልኩ እስኪነሣልኝ ደጋግሜ ደወልሁ። ቦታው ሰፋልኝ። ምልክቱን መለስሁ፤ ምርመራ ዌብ ሰርቪሷን በጎን አልፋ ከመለያ ቁጥሩ ጋር በየሰዉ ስም ትይዩ ተቀመጠች። እስክጨርስ ቀትር እንኳ አልሆነም። ይህን ያህል ቀላል ሥራ ነበር። ዝርዝሩን ልኬ ለኃላፊዬ የሆነውን ነገርሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። «ስሕተት አትበለው ጋሽ ጌታቸው፤ ‹ማሻሻያ› ብለህ ጻፈው» አለኝ። እኔም ማሻሻያ ብዬ ጻፍሁ። መድኃኒቱ በሁለት ቀን ውስጥ ይደርሳል የሚል መልስ መጣ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ፤ ለዘሐራ ልነግራት። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ናቸው ያሉት። ከሰሜን በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ እየቀረበ ስለነበር እነዘሐራና የሰፈራቸው ሰዎች ያን ዕለት ጧት ወደ ደሴ ሄደዋል። በምን ሄዱ ብል፣ ግማሹ በመኪና፣ ግማሹ በእግሩ አሉኝ። በሁለት ቀን ይደርሳል የተባለው መድኃኒት አልደረሰም፤ እኛም ከሁለት ቀን በኋላ ሐይቅ ውስጥ አልነበርንም።

ደሴ ተሰድጄም ያንኑ ሥራ ሠራሁ። አዲስ የምዝገባ ዝርዝር በእጄ ሲገባ መጀመሪያ የፈለግሁት የእነሱን ስም ነው። ዘሐራ አለች። እናቷ አለች። እንድሪስ የለም። በዘሐራ ስም ትይዩ፣ ምርመራ ላይ፣ «ወንድሟ በመንገድ ላይ አርፎባታል» ይላል። ጋሽ ሰይድ ከጦርነቱ በፊት ነው ያረፉት። ይህን ሳያዩ በመሞታቸው አምላኬን አመሰገንሁ፤ ወዲያው በምስጋናዬ አፈርሁ። ዘሐራ ያለችበት መጠለያ ከቢሮዬ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር። ልሂድ እያልሁ ሳልሄድ ደሴንም ለቅቀን ተበተንን።

ጦርነቱ ጋብ ብሎ ስንመለስ ሥራዬን ቀጠልሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው «ማሻሻያ» ነው። በየቀኑ አንድ ሰው ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳልከተል አልወጣም ነበር። ወጣቶቹ እንደ ድሮው እኛ ይቀልዱብኝ ነበር። ከዚያ ጡረታው፣ ንግግሩና ጭብጨባው መጣ።

ከሽኝቱ ሳምንት በኋላ በመዝገቡ ላይ በነበረው ስልክ ደወልሁ። ዘሐራ አነሣች። ወደ መርሳ የሚሄድ መኪና ተሳፈርሁና ከመርሳ በላይ ያለውን መንገድ እየጠየቅሁ በእግሬ ወጣሁ። የእንድሪስን የምዝገባ ወረቀት ኮፒ በደረት ኪሴ ይዣለሁ። ዘሐራ በር ላይ ተቀበለችኝ። ከስታለች። ውኃ ሰጠችኝ፤ ሳልጠጣ ተናገርሁ። ስለ ማሽኑ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ መሐል ላይ የማመካኝ መስሎ ተሰማኝና ተውሁት።

«አንቺ ተናግረሽ ነበር» አልኋት። «መዝጋቢውም ጽፎት ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ቢሮ ስትመጪ ደግሞ ሳላጣራ አልተናገርሽም አልሁሽ።»

ትረግመኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ተናግሬ ነበር?» አለችኝ።

«ተናግረሽ ነበር።» ወረቀቱን አውጥቼ አነበብሁላት።

«ይድገሙልኝ።»

ደገምሁላት። «እኅቱ አጥብቃ ተናግራለች» የሚለው ላይ ስደርስ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች።

«እኔኮ ጋሼ፣ ‹ረስተሽው ይሆናል› ካሉኝ ወዲህ ራሴን አላምነውም» አለች። «ያየሁትን በሕልሜ ይሆን እላለሁ። እናቴ ‹ለወንድምሽ አፍ አጣሽለት› ትለኛለች። በመጣላት አይደለም፤ ሐዘኑ ነው የሚያናግራት። እኔም ‹እውነትሽን ነው› እላታለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የኖርነው።»

እንድሪስን ያሳጣኋት መስሎኝ ነበር የመጣሁት። እሷን ራሷንም፣ እናቷንም እንዳሳጣኋት አላወቅሁም ነበር። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት እሷ ቆማለች።

«ይነሡ» አለችኝ።

በጓዳው በር ወደ ጓሮ አወጣችኝ። እናቷ ግድግዳ ተደግፋ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ዓይኗም ጆሮዋም ደክሟል። ዘሐራ አጎንብሳ በጆሮዋ «እማ፣ እኒህ ሰውዬ ከሐይቅ ነው የመጡ። የሚሉትን ስሚ» አለቻት። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «ጮክ ብለው ይንገሯት» አለችኝ።

ተንበረከክሁ። ጎረቤቶች አጥር ላይ ብቅ ማለት ጀምረዋል። እየጮኽሁ ነገርኋት፤ «ልጅዎ ተናግራ ነበር! አጥብቃ ተናግራ ነበር! ጥፋቱ የኔ ነው!»

አሮጊቷ ወደኔ አልዞረችም። እጇን ወደ ልጇ ዘርግታ ባዶውን አየር ትዳስስ ጀመር።

«የታለሽ?» አለች። «ነይማ፣ ዘሐራየ፣ ወደኔ ቅረቢ።»